ባትሪው ተቀየረ፣ ሞተሪኖው ተቀየረ፣ አውሮፕላኑ ግን አልነሳ አለ

በምኖርበት በቨርጂኒያ ሰዎች በገዛ ጋራዣቸው የገጣጠሟቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች እጠግናለሁ። «አውሮፕላን በጋራዥ ይሠራል እንዴ?» በሚል አንባቢ አልፈርድም። አዲስ አበባ በመንገደኞች አውሮፕላን ጥገና ላይ በነበርኩበት ዘመን፣ ጡረታ የወጣ መምህር ወይም የጥርስ ሐኪም ከራት በኋላ ጋራዡ ገብቶ የክንፍ ቆርቆሮ ሲበሳና ሪቬት ሲመታ የሚያመሽበት አገር አለ ቢሉኝ እኔም ለማመን ይቸግረኝ ነበር። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ የተሠሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ አውሮፕላኖች ተመዝግበዋል። ሪቻርድ ቫንግሩንስቨን በ1973 እ.ኤ.አ. ያቋቋመው ቫንስ ኤርክራፍት የተባለው የኦሪገን ድርጅት ብቻ፣ በሣጥን ከላካቸው ክፍሎች ከ10 ሺህ በላይ አውሮፕላኖች በገዢዎቻቸው እጅ ተገጣጥመው በረዋል። ፖል ፖበረዝኒ በ1953 እ.ኤ.አ. በዊስኮንሲን የመሠረተው የሠሪዎች ማኅበር ደግሞ በየዓመቱ ሐምሌ ሲጋመስ ኦሽኮሽ ከተማ ላይ ትልቅ ጉባኤ ያደርጋል፤ እዚያ የተሰለፈውን አውሮፕላን በእግር ዞሮ ለመጨረስ አንድ ቀን አይበቃም።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር የሚጠይቀው ከሥራው የሚበዛው ክፍል ለራሳቸው ትምህርት ወይም መዝናኛ ብለው በተነሱ ሰዎች እጅ መሠራቱን ነው። ጥገናው ላይም ሕጉ ለቀቅ ያለ ነው። ፋብሪካ የሠራውን አውሮፕላን፣ ከጥቂት ቀላል ሥራዎች በቀር፣ ፈቃድ የሌለው ሰው ጠግኖ ሊያስረክብ አይችልም። በግለሰብ የተሠራውን ግን ማንም መፍታትና መግጠም ይችላል፤ በየ12 ወሩ የሚደረገው ምርመራ ብቻ ፈቃድ ባለው ሰው፣ ለምሳሌ በመካኒክ ወይም ለዚያው አውሮፕላን የምስክር ወረቀት በተሰጠው ሠሪ መፈረም አለበት። ይህ ወረቀት በሽያጭ አይተላለፍም። አውሮፕላኑ ሲሸጥ ወረቀቱ ከሠሪው ጋር ይቀራል፤ ሁለተኛው ባለቤት መፍቻ ማንሳት ይፈቀድለታል፣ በሠሪው ወረቀት ምርመራውን መፈረም ግን አይችልም።

እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ሁለተኛው ባለቤት ነው። ሠሪው እያንዳንዷን ገመድ በእጁ ስለዘረጋ ብልሽት ሲመጣ የት እንደሚጀምር ያውቃል። ገዢው ነፃነቱን ይወርሳል እንጂ ዕውቀቱን አይወርስም። ዕውቀት ሲጎድል ደግሞ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይከተላል፤ የተጠረጠረው ዕቃ ሁሉ በየተራ እየተፈታ ይቀየራል። ይህ ልማድ ገንዘብ በማስወጣት ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ጋዜጣ ላይ ባልወጣሁበት። የምጽፈው የሰው ሕይወት ላይ ስለሚደርስ ነው፤ ማስቀረት ደግሞ ይቻላል።

ባለፈው በጋ አንድ የቫንስ አርቪ-7 ወደ እኛ ሃንጋር መጣ። ጎን ለጎን ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ፣ ባለ 180 የፈረስ ጉልበት ላይካሚንግ ሞተር ያለው፣ ሥራው ሲያዩት ዓይን የሚያሳርፍ አውሮፕላን ነው። ባለቤቱ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ ከሠሪው ላይ ነው የገዙት። ችግሩን እንዲህ አስረዱኝ። ጠዋት በቀዝቃዛው ያለ ምንም ችግር ይነሳል። አንድ ሰዓት በርረው ሌላ ማረፊያ ላይ ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ግን ቁልፉን ሲያዞሩት «ጠቅ» ይላል፣ ፕሮፔለሩ አይንቀሳቀስም። ደጋግመው ሲሞክሩት አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ሞተሩ እስኪበርድ መጠበቅ ግድ ይሆናል። በመጀመሪያ ባትሪው ነው ተባሉና ባትሪ ገዙ። ችግሩ ተመለሰ። ቀጥሎ ሞተሪኖው ነው ተባሉና አዲስ ሞተሪኖ አስገጠሙ። እሱም ለውጥ አላመጣም። እኛ ጋ ሲመጡ ያልተከፈተ የኮንታክተር ካርቶን ይዘው «ይህን ብቻ ግጠሙልኝ» አሉ።

ኮንታክተር ማለት ከባድ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ሪሌ ነው። ሞተሪኖው ፕሮፔለሩን ለማዞር እስከ 200 አምፒር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይስባል። ይህን ያህል ከረንት በአብራሪው ቁልፍ ውስጥ ማሳለፍ አይቻልም፣ ቁልፉ ይቃጠላል። ስለዚህ ቁልፉ ጥቂት አምፒር ብቻ ወደ ኮንታክተሩ ኮይል ይልካል፤ ኮይሉ ማግኔት ሆኖ ብረት ይስባል፤ ብረቱ አንድ የመዳብ ዲስክ ይዞ ይሄድና ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ላይ ይጫናል። በዚያች ዲስክ በኩል የባትሪው ጉልበት ወደ ሞተሪኖው ያልፋል። ቁልፉ ሲለቀቅ ስፕሪንግ ዲስኩን ይመልሰዋል። በእነዚህ አውሮፕላኖች ላይ ኮንታክተሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰረው ሞተሩን ከአብራሪው ክፍል በሚለየው የብረት ግድግዳ ላይ፣ በሞተሩ ወገን ነው። እዚያ ሙቀት አለ፣ ንዝረት አለ፣ የዘይት ጭጋግ አለ።

የእህቴ ልጅ የአውሮፕላን ጥገና ትምህርቱን ሊጨርስ ተቃርቧል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሮኝ ይውላል። ብልሽቱ የሚመጣው ሲሞቅ ነውና ሞተሩን አስነስተን በደንብ አሞቅነው። ከዚያ አጥፍተን ጎማዎቹ ላይ መከላከያ አደረግን፣ የካንዴላ ገመዶቹን በሙሉ ነቀልን፣ የነዳጁን መቆጣጠሪያ ዘጋን፣ በፕሮፔለሩ ዙሪያም ሰው እንዳይቆም አደረግን። ባለቤቱ ቁልፉን አዞሩት። «ጠቅ።»

«ጋሼ፣ ጠቅ ካለማ ኮንታክተሩ ደህና ነው ማለት አይደል?» አለኝ።

ጥያቄው የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። «ጠቅ» የሚለው ድምፅ የሚናገረው ብረቱ መንቀሳቀሱን ብቻ ነው። ዲስኩ ከቡሎኖቹ ጋር ተነካክቶ ከረንት ስለማሳለፉ ጆሮ የሚያውቀው ነገር የለም። ያ ብቻም አይደለም፤ ዛሬ የሚገጠሙት ቀላል ሞተሪኖዎች ብዙዎቹ የራሳቸው ሶሌኖይድ ተሸክመው ስለሚመጡ ሁለት ሪሌዎች ተከታትለው ይቆማሉ፤ የትኛው ጠቅ እንዳለ ከአብራሪው ወንበር ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል።

ቴስተሩን ሰጠሁትና ከባትሪው እንዲጀምር ነገርኩት። ባትሪው ሳይነካ 12.7 ቮልት ነበር። ቁልፉ ሲዞር 12.5 ሆነ፣ እዚያው ቆመ።

«ባትሪው ጥሩ ነው» አለ።

«ሞተሪኖው 200 አምፒር እየሳበበት ቢሆን 12.5 ላይ ይቆም ነበር?»

ትንሽ አሰበ። «አይቆምም። ወደ 10 ይወርድ ነበር። እንግዲህ ሞተሪኖው ምንም አልሳበም ማለት ነው።»

ይህችን ደቂቃ ነው የምወዳት። አንድም ቡሎን ሳይፈታ፣ አንድም ዕቃ ሳይገዛ፣ የባትሪው ቮልት አለመውረዱ ብቻ ባትሪውን ከተጠርጣሪነት አወጣው። መምህሩ በባትሪው ላይ ያወጡት ገንዘብ በዚህች አንዲት ልኬት ይድን ነበር። እሳቸውም ገባቸው፤ ከወንበራቸው ወርደው ቴስተሩን ለማየት መጡ፣ ቁልፉን እኔ ተረከብኩ።

ቀጥለን የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በኮንታክተሩ ሁለት ወፋፍራም ቡሎኖች ላይ አሳረፍን። ቁልፉ ከመዞሩ በፊት እዚያ የባትሪው ቮልት መታየቱ ትክክል ነው፣ መንገዱ ክፍት ነውና። ቁልፉ ሲዞር ግን ንባቡ ወደ ዜሮ መውደቅ አለበት፤ ሞተሪኖው እየዞረ ከ0.2 ወይም 0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ዲስኩ ታሟል። እኛ ያየነው «ጠቅ» ብሎም 12.5 እንዳለ መቅረቱን ነው። ሙሉው ቮልት እዚያ ኮንታክተር ላይ ታግዶ ቆሟል፤ ሞተሪኖውም ከተጠርጣሪነት ወጣ።

መምህሩ ካርቶናቸውን አነሱ። «ኮንታክተሩ ነው አላልኳችሁም?»

ልክ ነበሩ። ኮንታክተሩ ተበላሽቷል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ሥራውን ያቆማል፤ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ይገባል፣ አውሮፕላኑ ይነሳል፣ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ ግን ሌላ ጥያቄ ነበረኝ፤ ይህ ዕቃ ለምን ተበላሸ? የአውሮፕላኑ መዝገብ የሚያሳየው የበረራ ሰዓት ያን ያህል ብዙ አልነበረም፤ ዲስክ በዚህ ዕድሜ አያልቅም።

ስለዚህ ወደ ኮይሉ ሄድን። ከቁልፉ በምትመጣው ትንሽ ገመድና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ስንለካ 12 ቮልት አገኘን፤ ግማሽ ቮልት በቁልፉና በገመዱ ጠፍቷል፣ ያ የሚያስጨንቅ አይደለም። ከዚያው ከትንሿ ገመድ እስከ ኮንታክተሩ ቆርቆሮ አካል ስንለካ ግን 8.6 ብቻ ሆነ። የቀረው 3.4 የት ገባ? የእህቴ ልጅ ሳልነግረው አንዱን ጫፍ በኮንታክተሩ አካል ላይ፣ ሌላውን በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አደረገ። 3.4 ቮልት። ዜሮ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ!

የዚህ ዓይነቱ ኮንታክተር ኮይል አንዱ ጫፍ በውስጥ በኩል ከራሱ አካል ጋር የተያያዘ ነው። የመመለሻ መንገዱ የታሰረባቸው ሁለት ቡሎኖችና የብረት ግድግዳው ናቸው። ሠሪው ደግሞ ሥራው እንዲያምርለት ግድግዳውን ከሞተሩ ወገን ወፍራም ነጭ ቀለም ቀብቶታል፤ ኮንታክተሩን ያሰረው ቀለሙ ከደረቀ በኋላ ነው። ከረንቱ የሚመለሰው የቡሎኑ ጥርስ ቀለሙን በፋቀበት ጠባብ ቦታ በኩል ነበር። አዲስ ሳለ በቃው። ንዝረትና እርጥበት ሲጨመርበት፣ ዝገት ሲገባበት መንገዱ ጠበበ።

ሲሞቅ የሚብስበትም ምክንያት አለው። መዳብ በሞቀ ቁጥር ከረንት የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ሬዚስታንሱ 0.4 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ኮይሉ ከጠዋቱ በ50 ዲግሪ ቢሞቅ የሚያልፍበት ከረንት በጉልህ ያንሳል። ቀድሞውኑ ቮልት የተነፈገው ኮይል ብረቱን ለማንቀሳቀስ በቃው፣ ዲስኩን አጥብቆ ለመጫን ግን አልበቃውም። ያልተጫነ ዲስክ ብልጭታ ይፈጥራል፤ ብልጭታው መዳቡን ይበላል፤ የተበላ መዳብ በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ያበልጫል። አሮጌውን ፈትተን ቆርቆሮውን በመጋዝ ከፈትነው። ዲስኩ ጠርዙ ላይ ጥቁር ነው፤ በአንድ በኩል ቀልጦ የረጋ የመዳብ ጠብታ ነበረበት፤ ከሁለቱ ቡሎኖች የአንዱ ራስ በጥፍር ሲነካ እንደ ወንፊት ይሻክራል። መምህሩ ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት።

ግድግዳው ላይ ያለውን ቀለም ብረቱ እስኪያበራ ፈቅን፣ አዲሱን ኮንታክተር አሰርን፣ ከአካሉም አንድ ገመድ አውጥተን በቀጥታ ወደ ኔጌቲቩ ማሰሪያ ወሰድነው፤ ከእንግዲህ ኮይሉ ቡሎን አይለምንም። ሞተሩን ዳግመኛ አሙቀን ስንለካ በአካሉና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል ያለው ልዩነት 0.05 ቮልት ሆነ፤ ሞተሪኖው ሲዞር በወፋፍራሞቹ ቡሎኖች መካከል 0.15።

የሚቃወመኝ ሰው ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። «ኮንታክተር ርካሽ ዕቃ ነው። ታንክ አንድ ጊዜ ከመሙላት አይበልጥም። ለአንተ የሰዓት ክፍያ ከማወጣ ቀይሬው አልሞክርም?» ሒሳቡ ከላይ ሲታይ ያስኬዳል። ግን በዚህ አውሮፕላን ላይ ምን ይሆን እንደነበር ተከትላችሁ እዩት። አዲሱ ኮንታክተር ለስላሳ ዲስክ ስላለው ደካማው ኮይል ለጊዜው ያሠራው ነበር። ባለቤቱ ተፈወሰ ብለው ሩቅ ይበርራሉ። ከወራት በኋላ ያው ብልጭታ አዲሱንም ዲስክ ይበላዋል፤ ያኔ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ እንደ በፊቱ አልነሳ ይላል፤ ወይ ቀልጦ ይጣበቃል።

መጣበቁ ነው የሚያስፈራኝ። ዲስኩ ከቡሎኖቹ ጋር ከተበየደ ቁልፉ ቢለቀቅም ሞተሪኖው ኤሌክትሪክ ማግኘቱን አያቆምም። ሞተሩ ተነስቷል፤ አብራሪው ድምፁ ይሸፍንበታል፤ ለጥቂት ሴኮንድ ሥራ ተብሎ የተሠራው ሞተሪኖ ያለ ዕረፍት እየዞረ ይግላል፣ ገመዶቹም ይግላሉ፣ ነዳጅና ዘይት ባለበት ክፍል ውስጥ። ለዚህ መድኃኒቱ ከኮንታክተሩ የሞተሪኖ ወገን በፊውዝ በኩል ወደ አብራሪው ፊት የምትዘረጋ አንዲት ገመድና አንዲት ቀይ መብራት ናት። ቁልፉ ሲዞር ትበራለች፣ ሲለቀቅ ትጠፋለች። ካልጠፋች አብራሪው ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ ማስተሩን፣ ዘግቶ ሞተሩን ያቆማል። ይህች መብራት በማንኛውም በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ላይ መኖር አለባት እላለሁ፤ የሌላት አውሮፕላን ሲመጣልኝ ባለቤቱን ሳላሳምን አልለቀውም። መምህሩ አውሮፕላን ላይ አልነበረችም። አሁን አለች።

ኮይሉ ላይ ዳዮድም አልነበረም። ቁልፉ ሲለቀቅ ኮይሉ ውስጥ የነበረው ጉልበት በድንገት መውጫ ሲያጣ ቮልቱ በጣም ይዘልላል፣ የቁልፉን የውስጥ መዳብ በብልጭታ ይቦረቡራል። ይህን የሚከላከለው ዳዮድ የሳንቲም ዕቃ ነው። ቦብ ናኮልስ «ኤሮኤሌክትሪክ ኮኔክሽን» በተባለው መጽሐፉ እንዲህ ያሉ ነገሮችን ለግለሰብ ሠሪዎች በትዕግሥት ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ አውሮፕላን ለሚሠራ ሁሉ ያንን መጽሐፍ ከሪቬት መምቻው በፊት ግዛ እላለሁ።

ስለ ቴስተር ሌላም ልጨምር። ብዙ ሰው ቴስተር አለው፣ የሚጠቀመው ግን «ጢ» የሚለውን ድምፅ ነው። ገመዱን ነቅሎ ሁለቱን ጫፍ ይነካል፣ «ጢ» ካለ ደህና ነው ይላል። የተበላ ዲስክ 0.02 ኦም ቢኖረው ተራ ቴስተር ከዜሮ አይለየውም፣ በደስታ ይጮኻል። በዚያች 0.02 ላይ 200 አምፒር ሲያልፍ ግን 4 ቮልት ይጠፋል፤ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ 4 ቮልት ማለት ሲሶው ነው። የከባድ ከረንት መንገድ የሚመረመረው ሥራ ላይ ሳለ፣ ቮልቱ የት እንደሚጠፋ በመከታተል ነው። የሞተሩ የኔጌቲቭ ገመድም እንደዚሁ፤ ሞተሩ በጎማ ላይ የተቀመጠ ስለሆነ ይህ ገመድ ከላላ ከረንቱ በነዳጅ መቆጣጠሪያው ሽቦ በኩል መንገድ ይፈልጋል። ሽቦው ሲግልና ሲጨስ ያየሁበት ጊዜ አለ።

አዲስ አበባ ያደገ ሰው እስካሁን ያልኩትን በመኪና ያውቀዋል። መኪናው «ጠቅ» ብሎ አልነሳ ሲል ባትሪ ይቀየራል፣ ከዚያ ሞተሪኖ፣ ከዚያ ቁልፍ። የመለዋወጫ ዋጋ እዚያ ከዚህ ይበልጥ ያማል፤ የተገዛው ዕቃ ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ሌላ ጭንቀት ነው። አንድ ነገር ግን ከመኪና ወደ አውሮፕላን ፈጽሞ መሻገር የለበትም። ሰፈራችን ውስጥ ሞተሪኖ እንቢ ሲል አንዱ ካቻቢቴ ይዞ ይመጣና ሁለቱን ቡሎኖች ያገናኛቸዋል፤ ብልጭ ይላል፣ ይነሳል፣ ይመሰገናል። አውሮፕላን ላይ ያንን የሚያደርግ ሰው የሚቆመው ከፕሮፔለሩ ጥቂት ክንድ ርቆ ነው። ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ከባትሪ ጋር ጉዳይ የለውም፤ ወደ ቁልፉ የምትሄደው ገመዱ ከተበጠሰች ቁልፉ «ጠፍቷል» እያለ ማግኔቶው ይሠራል። ፕሮፔለሩን በእጅ ለማዞር መሞከርም ያው ነው፤ ያልሠለጠነ ሰው ብቻውን ሲሞክረው እጅና ሕይወት ሄዷል። መምህሩ አንድ ቀን፣ ነፋሻማ ማረፊያ ላይ፣ ቡና ቤቱ ተዘግቶ ሲመሽባቸው በእጅ ልሞክር ብለው እንደነበር ነገሩኝ። አንድ ሌላ አብራሪ ከለከላቸው።

የአገራችንን ሰው አስመላሽ ዘፈሩን እዚህ ላይ አነሳዋለሁ። ያለ ሣጥን፣ ያለ ፋብሪካ መመሪያ፣ በቮልስ ሞተር አውሮፕላን ሠርቶ ኬ-570ኤ ብሎ የሰየማት ሰው ነው፤ «ኬ» እናቱ ኪሮስ ናት፣ 570 የፈጀበት ቀን ነው። እንዲህ ያለ ሠሪ ጋ አውሮፕላኑ ውስጥ ስለገባው ሁሉ መልስ ይገኛል፣ ከእሱ በቀር የሚመልስ የለምና። እንዲህ ያለው ዕውቀት ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ፣ አውሮፕላኑ እጅ በቀየረ ቀን ይጠፋል።

ዋናው የምጠይቀው ነገርም ይኸው ነው። መምህሩ አውሮፕላኑን ሲገዙ የዕቃ ደረሰኝ የሞላበት ሣጥንና ስለ ቀለም አቀባቡ የተነሱ ብዙ ፎቶዎች ተቀብለዋል። የገመዱ ስዕል ግን የለም። ፓነሉን ስንከፍተው ገመዱ በሙሉ ነጭ ነው፣ የአውሮፕላን ገመድ አብዛኛው ነጭ ነውና፤ አንዱም ላይ ምልክት አልተጻፈም። ሠሪው ክፉ ሰው አይደሉም፤ ስንደውልላቸው በትሕትና መለሱ፣ ግን ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ብዙውን አያስታውሱም። ጥፋቱ ሲሸጥ ማንም «ስዕሉስ?» ብሎ አለመጠየቁ ነው። የቆርቆሮው ሥራ በዓይን ይመረመራል፣ የሞተሩ ኮምፕሬሽን ይለካል፤ ገመዱ ግን ከፓነል ጀርባ ነው፣ ያለ ስዕል ዕውር ያደርጋል። የገመድ ስዕል የሌለውን አውሮፕላን ገዢ በሙሉ ዋጋ መግዛት የለበትም። ከግዢ በፊት የሚመረምር መካኒክ ስዕሉን አለማግኘቱን በወረቀት ማስፈር አለበት። በሠሪዎቹ ማኅበራት ውስጥ ያሉ አዋቂዎችም አንድ ወጣት ሠሪ ክንፉን ሲያሳያቸው፣ እግረ መንገዳቸውን ስዕሉን አሳየኝ ይበሉት። ሕጉ እስኪያስገድድ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ሻጭና ገዢ ዛሬውኑ ሊስማሙበት የሚችሉት ነገር ነው።

መምህሩ ሒሳብ አስተማሪ ናቸውና ይህ ገባቸው። የራሳቸውን ስዕል ጀምረዋል፤ በትልልቅ ወረቀት፣ በማስመሪያ፣ እያንዳንዷን ገመድ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየተከተሉ፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ ቁጥር እያሰሩ። የእህቴ ልጅ መብራት ይይዝላቸዋል። ባለፈው ቅዳሜ ግድግዳው ላይ ደርሰው ሳለ ልጁ ጠራኝ። የቻርጁ ቮልት መቆጣጠሪያ፣ ሬጉሌተሩ፣ ከኮንታክተሩ አጠገብ በዚያው ነጭ ቀለም ላይ ነው የታሰረው፤ የእሱም ኔጌቲቭ በአካሉ በኩል ነው። ሞተሩን አስነስተን ከውስጥ በተዘረጋ ገመድ ለካነው። በአካሉና በባትሪው ኔጌቲቭ መካከል 0.5 ቮልት ነበር። ሬጉሌተሩ የባትሪውን ቮልት በዚያው ልክ አሳንሶ ያይና ቻርጁን ከፍ ያደርገዋል፤ 14.4 መሆን የሚገባው 14.9 ነበር። መምህሩ የገዙት አዲስ ባትሪ በጋውን ሙሉ ከሚገባው በላይ ሲቻርጅ ከርሟል። ሬጉሌተሩን ፈትተን ቀለሙን ፍቀን መልሰን አሰርነው፤ 14.4 ሆነ። እሳቸውም በስዕሉ ላይ፣ ከሬጉሌተሩ አጠገብ፣ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፉበት።